ስፌቱን የሰማ ጆሮ

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ጸሐፊዋ የ21 ዓመት ወጣት ናት። ብራስልስ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ደርሳለች። በልጅነቷ ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበር። አሁን የተማሪዎች ኳየር ውስጥ ገብታ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ዜማ አገኛት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማ ብሏታል። ትምህርቷን አቋርጣ ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ሄዳ ለድምፅ ትምህርት መፈተን ትፈልጋለች። እናቷ «አብደሻል?» ብለዋታል። እሷ ደግሞ «ድምፄ ለብቻው የሚቆም ድምፅ አይደለም። ግን ይሄን ካልሠራሁ ምን ልሥራ?» ትላለች።

የጠየቅሽኝ ስለ ድምፅሽ ነው። እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻ አካባቢ እግረ መንገድሽን ጣል ያደረግሻት ነገር ናት። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የዜማ ደራሲውን የጊዮም ዱፋይን «አቬ ሬጂና ሴሎሩም» የተባለ ሞቴት (በብዙ ድምፅ የሚዘመር የላቲን መንፈሳዊ ዜማ) በሁለት ቅጂ ሰምተሻል። እንዲህ ትያለሽ፦ «በአንደኛው አንድ ዘማሪ ድምፁን በግማሽ ቃና ከፍ ያደርገዋል፣ በሌላኛው እዚያው ቦታ ላይ አያደርገውም። ደግሞ በመጀመሪያው ቅጂ አንድ ቦታ ከትንፋሽ በኋላ የክፍሉ አየር የተለወጠ መሰለኝ። ጆሮዬ ነው ወይስ እውነት ነው?»

እውነት ነው። የሰማሽው ስፌት ነው።

አንድ ቅጂ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ የተዘመረ ይመስላል እንጂ አይደለም። የዚህ ቁራጭ ከዚያኛው ጋር ተሰፍቶ ነው የሚወጣው። ሠራተኛው የሚከፈለው ስፌቱን ማንም እንዳይሰማው ነው። አንቺ ማንም ሳያስተምርሽ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ባቡር ውስጥ ሰማሽው። እኔ ይህን መስማት የጀመርኩት ሥራው ውስጥ ከገባሁ ስንት ጊዜ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሬዲዮ ቤት የቴፕ ክር በምላጭ እየቆረጥኩ ጀመርኩ። ጀርመን ስመጣ የቀረጻ ቡድን ገመድ ጠቅላይ ሆንኩ። ኋላ ነው ኤዲቲንግ የሰጡኝ። እናም ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ልቤ ወዴት እንደሚያዘነብል ከወዲሁ እወቂው።

ቀረጻው እንዴት እንደሚካሄድ ልሳልልሽ። ክረምት ነው፣ ሌሊት ነው። ቀን መኪናና አውሮፕላን ስለማያስቀርጽ ሌሊት ይመረጣል። የቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ይጠፋል፤ ብረቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ማይክ ውስጥ ይገባላ። ስምንት ዘማሪዎች ካፖርትና ሻርፕ ለብሰው በግማሽ ክብ ቆመዋል። ቀረጻውን የሚመራው ፕሮዲውሰር ከእነሱ ጋር የለም። ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ኖታና አንድ እርሳስ ይዞ ተቀምጧል። «ቴክ 14» ይላል፤ አሥራ አራተኛው ሙከራ ማለት ነው። ይዘምራሉ። እሱ እያንዳንዷን ቃል እየተከተለ ምልክት ያደርጋል፦ ይሄ ጥሩ፣ እዚህ ሁለተኛው ቴነር ዘገየ፣ እዚህ ሆድ ጮኸ።

ከሁሉ የሚከብደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማስተጋባቱ ነው። ትልቅ ድንጋይ ቤት ውስጥ አንድ ድምፅ ከተለቀቀ በኋላ ሦስት አራት ሰከንድ ይንሳፈፋል። ስለዚህ አዲሱ ቁራጭ የቀድሞውን ጅራት ካልተሸከመ ጆሮ ይነቃል። ዘማሪዎቹን «ከሚያስፈልገን ቦታ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ» የምንላቸው ለዚህ ነው። አንቺ የሰማሽው የአየር ለውጥ ምናልባት እዚያ ላይ የጎደለ ጅራት ነው። ሁለተኛው የድምፁ ቃና መውረዱ ነው። መሣሪያ የሌለው ዜማ ሰው ሲደክም ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የሚዘምሩት ራሳቸው አያውቁትም። ከእራት በፊት የተቀረጸው ከእራት በኋላ ከተቀረጸው ጋር አይገጥምም። አንዴ እኔ ዕቃ ቤት ተቀምጬ ይሄን ሳልሰማ አለፍኩ። የአንድ ሙሉ ክፍል ሁለት ግማሾች አንገጥምም አሉ። የታወቀው በሳምንቱ ነው፣ ዘማሪዎቹ ወደየአገራቸው ከበረሩ በኋላ። ያ ክፍል ከቅጂው ወጣ። እስካሁን ያንን ዜማ ስሰማ ሆዴ ይላወሳል።

አሁን ወደ ሌላው ያስተዋልሽው ነገር። አንዱ ከፍ አድርጎ ሌላው ያላደረገው ለምንድነው? በዚያ ዘመን ጸሐፊዎቹ ድምፁ በግማሽ ቃና ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበትን ቦታ ሁሉ በምልክት አይጽፉትም ነበር። ዘማሪው በልምድ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ልምዱ ስለተቋረጠ ቡድኑ፣ ኖታ አዘጋጁና ፕሮዲውሰሩ ተከራክረው ይወስናሉ። ቃሉ ከየትኛው ድምፅ ሥር እንደሚወድቅ፣ በስንት ሰው እንደሚዘመር፣ ከየት ድምፅ እንደሚጀመር፣ ሁሉም ውሳኔ ነው። ዱፋይ እዚያ ሞቴት ውስጥ የራሱን ስም አስገብቷል፤ «እየደከመ ላለው ዱፋይሽ ራሪለት» ይላል። ሲሞት አልጋው አጠገብ እንዲዘመርለት ተናዞ ነበር። ኅዳር 27 ቀን 1474 እ.ኤ.አ. ካምብሬ፣ ፈረንሳይ ሲያርፍ ጊዜ ስላልበቃ ለቀብሩ ሥርዓት ተዘመረ። ስሙ የሚጠራበት ቦታ ላይ ዜማው በድንገት ይጨልማል። እዚያ ቦታ ላይ የትኛው ቴክ እንደሚመረጥ የሚወስነው ሰው ማን መሰለሽ? ዕቃ ቤት የተቀመጠው ነው።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። ወደ ባዝል ለድምፅ አትሂጂ። ስኮላ ካንቶሩም ባዚሊየንሲስ ከ1933 ጀምሮ ይህን ሙዚቃ የሚያስተምር ትልቅ ቤት ነው። ግን ድምፁ ተሠርቶ ለመጣ ሰው ነው። አንቺ ራስሽ «ለብቻው አይቆምም» ካልሽ አምንሻለሁ። ያንቺ ሀብት ጆሮሽ ነው። ለእሱ የሚሆን ትምህርት አለ፤ ቶንማይስተር ይባላል፣ የሙዚቃ ቀረጻ የሚመራ ባለሙያ ማለት ነው። ዴትሞልድ፣ ጀርመን ከ1949 ጀምሮ ይሰጣል። እንግሊዝ ውስጥ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ ከ1970 ጀምሮ አለው። ላንቺ የሚቀርበው ደግሞ ዘ ሄግ፣ ኔዘርላንድ ነው። እዚያ ኮንሰርቫቶር የድምፅ ቀረጻ ትምህርቱና የጥንታዊ ሙዚቃ ክፍሉ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ለመግባት የጆሮ ፈተና አለ፤ ሙዚቃ ማንበብ፣ መሣሪያ መጫወት ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ቦታ ሒሳብና ፊዚክስም ይመጣል። ፒያኖ ስለመሞከርሽ አልጻፍሽም። ካልሞከርሽ ነገ ጀምሪ። ክፍያው በያዝሽው ፓስፖርት ይለያያል፤ ሳታመለክቺ ጠይቂ።

ገንዘቡን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ይህ ሙዚቃ አያበለጽግም። በ1994 ሂሊያርድ የተባለው ቡድን ከሳክስፎን ጋር የሠራው ቅጂ ከሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ እሱን አይተሽ አትለኪ። ታሊስ ስኮላርስ የተባሉት የእንግሊዝ ዘማሪዎች ከዱፋይ ቀጥሎ የመጣውን የጆስካን ደ ፕሬን የቅዳሴ ዜማዎች በዘጠኝ ሲዲ ጨርሰው ያወጡት በ2020 ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። የዘማሪው ክፍያ በቀን ነው። አብዛኛው ያስተምራል፣ እሑድ ለደብር ይዘምራል፣ ከከተማ ከተማ ይሮጣል። ታሞ የቀረ ቀን ክፍያ የለውም። ዕቃ ቤት የሚቀመጠው ግን የዱፋይ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ያው ጆሮ ለኦርጋን፣ ለኦርኬስትራ፣ ለሬዲዮ፣ ለተውኔት ይሠራል። እኔ ኪራይ የከፈልኩት በእነዚህ ነው።

እናትሽ ይህን ካነበቡ ለእሳቸው የምለው አለ። እህቴ፣ «ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ያሳደግኳት ለዘፈን አይደለም» ማለትዎን ልጅዎ ጽፋልኛለች። ድካምዎን አላቃልልም፤ እኔም የሰው ቢሮ ጠርጌያለሁ። ግን የልጅዎ ሙያ የእርስዎ ድካም ደሞዝ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ቡና ላይ «ልጄ ነርስ ናት» ማለት ደስ ይላል፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ታማሚ የምታገላብጠው ግን እሷ ናት። የታመመ ሰው ደግሞ ሥራዋን የምትወድ ነርስ ይገባዋል። ገንዘቡ ካሳሰበዎ ትክክል ነዎት፤ እሱን በቁጥር እንነጋገርበታለን። ክብሩ ከሆነ ያሳሰበዎ ግን እሱ የልጅቷ ዕዳ አይደለም።

ላንቺም የምለው አለ። ዘንድሮን አታቋርጪ። የዚህን ዓመት ፈተና ጨርሺ፤ ዓመቱን ያለፈ ተማሪ ረዳት ተንከባካቢ ሆኖ መሥራት ስለሚችል ከትምህርት ቤትሽ አጣሪ። የቅዳሜ እሑዱ ሥራ የፒያኖ መምህርሽን ይከፍላል። ከእናትሽ ብር አትጠይቂ። አንድ ትምህርት ቤት ተቀብሎሽ ወረቀቱን በእጅሽ ሳትይዢ ደግሞ የነርስነቱን አትልቀቂ።

ላቲን አላውቅም ላልሽው፦ ይለመዳል፤ ግእዝ ሳይገባሽም ዘምረሻል። «የካቶሊክ ዜማ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ላልሽው ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ የእኔ ሥራ አይደለም። «ለእኛ ምናችን ነው» ለሚሉሽ ዘመዶችሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ዱፋይ ለፍሎረንስ ካቴድራል ምረቃ ሞቴት የጻፈው በ1436፣ የሮማው ጳጳስ ኤውጄንዮስ አራተኛ በተገኙበት ነው። በአምስት ዓመቱ፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም የሄዱ የኢትዮጵያ መነኮሳት እዚያው ፍሎረንስ እኚሁ ጳጳስ ፊት ቀርበዋል። ምን እንደሰሙ ባስብ ደስ ይለኛል።

ለዚህ ወር የምሰጥሽ ሥራ አለ። ዱፋይ የተወለደው አንቺ ከምትኖሪበት ቅርብ፣ ቤርሰል እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ስለዚህ ሩቅ አትፈልጊ። ሉቨን በባቡር ግማሽ ሰዓት ናት፤ አላሚሬ ፋውንዴሽን እዚያ ፓርክ ገዳም ውስጥ ይህንኑ ሙዚቃ ያጠናል። ሄደሽ «ቀረጻ ሲኖር ገመድ ልሸከም» በያቸው። እምቢ ካሉ በነሐሴ የአንትወርፕ የፖሊፎኒ (የብዙ ድምፅ ዜማ) ፌስቲቫል አለ፤ እዚያም ያንኑ በይ። ኦክስፎርድ ላይ የተጀመረው ዲያም የሚባለው ድረ ገጽ የጥንቱን ብራና ፎቶ በነጻ ያሳያል። የዘመኑን ጽሕፈት ዓይንሽ ይልመደው፤ ዜማውን በምት የሚከፋፍል ቋሚ መስመር የለውም፣ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ነው የተጻፈው።

ከዚያ ሁለቱን ቅጂዎች እንደገና ክፈቺ። ኖታውን አትመሽ እርሳስ ያዢ። አየር የተለወጠ በመሰለሽ ቦታ ሁሉ ደቂቃና ሰከንዱን ጻፊ፤ እርግጠኛ ያልሆንሽበት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊ። ወረቀቱን ላኪልኝ። እኔም ሳላየው ለብቻዬ ሰምቼ የራሴን እጽፋለሁ፣ ከዚያ እናስተያየዋለን።