«ቲፒ» የተጻፈበት ህትመት ከመደበኛው ያንሳል?

ወንድሜ፣ «ሥሩ በእርሳስ ቲፒ (TP፣ በእንግሊዝኛ trial proof) 8/30 የተጻፈበት የአሜሪካዊው ሠዓሊ የአንዲ ዋርሆል የንግሥት ምስል አየሁ፤ የሙከራ ህትመት ስለሆነ 8/40 (ከአርባ ቅጂ ቁጥር 8) ከሚለው መደበኛ ያንሳል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አያንስም። በዋርሆል ሥራ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚፈለገው እሱ ነው።

በሲልክስክሪን (ቀለም በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ እየተገፋ በሚታተምበት ዘዴ) ለዓመታት ሠርቻለሁ። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ይዘጋጃል። አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለፀጉር፣ አንዱ ለከንፈር፤ ፎቶውን የያዘው ስክሪን ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቀለሙን በጎማው ስትገፋው በወንፊቱ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ስክሪኑን ሳትነካ ቀለሙን ብቻ ቀይር፣ ሌላ ሰው ይወጣልሃል። ከንፈሩ ደማቅ ቀይ ሲሆን ኩሩ የነበረችው ሴት፣ አመድማ ሲሆን የታመመች ትመስላለች። ለዚህ ነው ዋናው እትም ከመታተሙ በፊት ቀለም የሚሞከረው። በብዙ ማተሚያ ቤቶች ሙከራው እዚያው ያበቃል። ዋርሆል ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሙከራውን ፈርሞና ቁጥር ሰጥቶ ራሱን የቻለ ሥራ አደረገው።

ያየኸው እ.ኤ.አ. የ1985ቱ ሥራ ነው። የዚያን ጊዜ አራት ንግሥቶች አሉበት፦ የእንግሊዟ ኤልሳቤጥ፣ የኔዘርላንድሷ ቤአትሪክስ፣ የዴንማርኳ ማርግሬተ እና የስዋዚላንዷ (የዛሬዋ ኤስዋቲኒ) ንቶምቢ። እያንዳንዷ በአራት ዓይነት ቀለም ታትማለች፤ የእያንዳንዱ ምስል መደበኛ እትም 40 ቅጂ ነው፤ አርባውም አንድ ዓይነት ናቸው። 30ዎቹ የሙከራ ህትመቶች ግን በቀለም ይለያያሉ። ስለዚህ 8/30 ማለት የአንድ ምስል ስምንተኛ ቅጂ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967ቱ የማሪሊን ሞንሮ ሥራም የቀለም ልዩነቱ መደበኛው እትም ውስጥ ነበር፦ አሥር ምስል፣ አሥር ዓይነት ቀለም፣ እያንዳንዱ 250 ቅጂ።

አንዳንድ ሻጭ «ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምራል። አትስማው። መዳብ ላይ በመርፌ ተጭሮ የሚታተም ሥራ ሰሌዳው እየተጨፈለቀ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ጥርት ብለው ይወጣሉ። ስክሪን ግን በ40 ቅጂ እንዲህ አይደክምም። ቁጥሩም የሚጻፈው በኋላ ስለሆነ የግድ የህትመቱን ቅደም ተከተል አያሳይም።

ሁሉም ቲፒ ግን ያምራል ማለቴ አይደለም። ቀለሞቹ ተዋግተው ፊቱን የዋጡት አለ። እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ትቼ መደበኛውን እወስዳለሁ። የከንፈሩ ቀለም ከመስመሩ ትንሽ ቢወጣ ግን አትደንግጥ፤ ዋርሆል ሆን ብሎ የሚያደርገው ነው። ይልቅ ጠርዙን እይ፣ ወረቀቱ ፀሐይ ነክቶት እንደሆነ ይነግርሃል። ቁጥሩን ደግሞ ከታተመው የህትመቶቹ ሙሉ ካታሎግ ጋር አመሳክር። 30 ነው ተብሎ 34 ከመጣ ሻጩን ጠይቀው።

ያየኸው የየትኛዋ ንግሥት ነው? የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።