መልስ፦ በዋንዛ ኤሌክትሪክ ጊታር ይሠራል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ማርቆስ ሆነህ በዋንዛ ደረጃውን የጠበቀ ኤሌክትሪክ ጊታር መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ለገላው በደንብ ይሆናል። ዋንዛ ለመላግም ለመቅረጽም አያስቸግርም፣ መልኩም ያምራል። ግን እርጥብ ጣውላ እንዳትነካ! በክረምት ገዝተህ የቀረጽከው በጋ ሲገባ ይጣመምብሃል። ከአሮጌ በር ወይም አልጋ የወጣ ዋንዛ ካገኘህ አትለፈው።

ዋናው ሥራ ያለው አንገቱ ላይ ነው። ክሮቹ ሲወጠሩ አንገቱን ወደ ፊት ያጎብጡታል። ለዚህ ነው ውስጡ በመፍቻ የሚስተካከል የብረት ዘንግ የሚቀበረው። ቀጥሎ ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የሚገቡት ቀጫጭን ብረቶች አሉ። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ለ17.817 ስታካፍለው 36.37 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከላይኛው የክር ማረፊያ በዚህ ርቀት ይገባል። የቀረውን ርዝመት እንደገና ታካፍላለህ፣ እንዲህ እያልክ ትወርዳለህ። 12ኛው ልክ ግማሹ ላይ፣ 324 ሚሊ ሜትር ላይ መውደቅ አለበት። እዚህ ላይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከሳትክ ጆሮ አይምርህም። በእጅ የሚሠሩት ጊታሮች ዋጋቸው የሚሰቀለው በአብዛኛው ለዚህ ጥንቃቄ ነው ባይ ነኝ።

ደግሞ እንጨት ብቻውን ሁሉ ነገር አይደለም። ጊታር ሠሪው ኬን ፓርከር በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፓርከር ፍላይ የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር ስስ እንጨት ላይ ካርቦን ፋይበር ለብሶ፣ ቀላልም ጠንካራም ሆኗል።

የመጀመሪያህ ከሆነ ግን በብሎን የሚታሰር አንገት ተሠርቶ ያለቀ ግዛ። ገላውን ራስህ ቅረጸው።