የኬዝ ዲፊኒሽንህን አላላው

«የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሠልጣኝ ነኝ። ለተቅማጥ ወረርሽኝ ተልኬ በላብራቶሪ የተረጋገጠው 3 ሰው ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ስንት ሰው እንደታመመ የሚያሳየው ግራፍ አልወጣልኝም» ላልከው፦ ግራፉ ምንም አልሆነም፣ የጠበበው የኬዝ ዲፊኒሽንህ፣ ማለትም ማን እንደ ታማሚ እንደሚቆጠር የሚወስነው መስፈርትህ ነው። ላብራቶሪውን አትጠብቅ።

1. ታማሚዎቹን በሦስት ክፈላቸው፦ ተጠርጣሪ፣ ሊሆን የሚችል፣ የተረጋገጠ። ለተጠርጣሪ ምልክት፣ ቦታና ጊዜ ይበቃል። ለምሳሌ «በዚህ መንደር የሚኖር፣ ከዚህ ቀን ወዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ውሃማ ተቅማጥ የያዘው»።

2. ላይን ሊስቱን (የታማሚዎቹን ዝርዝር ሰንጠረዥ) እንደገና ሙላ። አንድ ሰው፣ አንድ መስመር።

3. ግራፉን ሕመሙ በጀመረበት ቀን ሥራው እንጂ ጤና ጣቢያ በመጡበት ቀን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መዝገብ ላይ ሰኞ የተጻፈችው ሴትዮ ቅዳሜ ሌሊት ጀምሯት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤቷ ሄደህ ጠይቃት። አሰልቺ ነው፣ ግን ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ መስክ ላይ የሚያልፈው በከንቱ አይደለም።

ውሃውን በክሎሪን ማከሙ ግን ግራፍህን አይጠብቅም። ዛሬውኑ ይጀመር።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የጠረጠርከውን ምንጭ መስፈርቱ ውስጥ እንዳትከት። እኔ አንዴ «ከጉድጓዱ ውሃ የጠጣ» ብዬ ጽፌ፣ ታማሚዎቼ በሙሉ ጠጥተው ተገኙ። ደስ ብሎኝ ለአሠልጣኜ አሳየሁት። «ያልጠጣ ታማሚ ዝርዝርህ ውስጥ በየት በኩል ይገባል?» አለኝ። የሁለት ቀን ሥራዬ ገደል ገባ።