ከአሜሪካ የመጣውና እዚህ የገዛሁት ክኒን አንድ ነው ወይ? የመድኃኒት ስም ጥያቄና መልስ

የምሠራው አዳማ፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሰሞኑን ስለ መድኃኒት ስም ያሻችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች የሚደጋገሙትን ልመልስ።

ጥ፦ እኅቴ ከአሜሪካ ታይለኖል ላከችልኝ። ከፓራሲታሞል ይበልጣል?

መ፦ ራሱ ፓራሲታሞል ነው። ታይለኖል የንግድ ስሙ ነው፤ ከሥር በደቃቁ የተጻፈው «አሴታሚኖፌን» ደግሞ አሜሪካኖች ፓራሲታሞልን የሚጠሩበት ስም። ባለፈው አንዲት እናት ሁለቱንም በአንድ ፌስታል ይዘው መጡ። ወገባቸውን ሲያማቸው ከዚህ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይውጣሉ። እያንዳንዱ ፍሬ ባለ 500 ሚሊግራም ነው። ደመርኩት፤ በቀን 6 ግራም! ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። «ልጄ፣ አንዱ የፈረንጅ አንዱ የኛ መስሎኝ እኮ ነው» አሉኝ። እዚያው ወደ ሐኪም ሸኘኋቸው።

ጥ፦ ስም የሚያወጣው ማነው? ፋብሪካው?

መ፦ የንግዱን ስም፣ አዎ። አንዱን መድኃኒት አሥር ፋብሪካ አሥር ስም ሊለጥፍበት ይችላል። የመድኃኒቱን የራሱን ስም ግን የሚያጸድቀው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። የድርጅቱ ጉባኤ ይህን የወሰነው በ1950 ሲሆን የመጀመሪያው ዝርዝር የወጣው በ1953 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ለአዲስ መድኃኒት የታሰበው ስም በባለሙያዎች ቡድን ይታያል፤ ከዚያ ይታተምና ተቃውሞ ያለው ካለ 4 ወር ይጠበቃል። ከጸደቀ በኋላ ስሙ የማንም ንብረት አይደለም።

ጥ፦ ታዲያ አሜሪካ ለምን ተለየች?

መ፦ የራሷ ስም አውጪ አካል አላት። አብዛኛው ስም ይገጥማል፤ ጥቂት የቆዩት ግን እንደተለያዩ ቀሩ። ለስኳር የሚሰጠው ግሊቤንክላሚድ እዚያ ግላይቡራይድ ይባላል። ይኼኛው ከፓራሲታሞሉ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ደርቦ የዋጠ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ከዓለም ጋር የምትገጥመው አሜሪካ ናት፦ ብዙዎች አድሬናሊን የሚሉት መድኃኒት ዓለም አቀፍ ስሙም የአሜሪካ ስሙም ኤፒኔፍሪን ነው። ሁለቱም ስሞች፣ አንዱ ከላቲን ሌላው ከግሪክ፣ የተወሰዱት ኩላሊት ላይ ከተቀመጠችው ዕጢ ነው። ለአንድ ዕጢ ይህን ያህል ጣጣ!

ጥ፦ ስሞቹ ምላስ ያስራሉ። ሆን ተብሎ ነው?

መ፦ መጨረሻቸውን እንደ አባት ስም ቁጠሩት። ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪል የአንድ አባት ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ለደም ግፊት። ስለዚህ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል አስይዞት «ጎረቤቴ የሚወስደውን ሊሲኖፕሪል ስጠኝ» ለሚል ሰው መልሴ አንድ ነው፦ ሳሉ ከቤተሰቡ ነው፣ ሐኪምዎን ያናግሩ። በ«ኦሎል» የሚያልቅ ሲታዘዝላችሁም አስም ካለባችሁ ከመዋጣችሁ በፊት ተናገሩ።

ጥ፦ የግፊት መድኃኒቴ አምሎዲፒን አጠገብ «ቤሲሌት» የሚል አየሁ። ሌላ መድኃኒት ተቀላቅሎበት ነው?

መ፦ አይደለም። መድኃኒቱ የተሠራበት የጨው ዓይነት ነው፤ ጨው ስል የኬሚስትሪውን እንጂ የወጡን አይደለም።

ጥ፦ በአማርኛ ስም የላቸውም?

መ፦ ዝርዝሩ የሚወጣው በላቲን፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ፣ በሩሲያኛ፣ በዓረብኛና በቻይንኛ ነው። እኛ እንደሰማን እንጽፋለን፤ አሞክሳሲሊን የሚልም አሞክሲሲሊን የሚልም ይመጣል፣ እንግባባለን። የሚያስጨንቀኝ «ያቺን ቀይና ጥቁሯን ስጠኝ» የሚለኝ ነው። ቀለሙን የሚመርጠው ፋብሪካው ነው፤ ቀይና ጥቁር ለብሶ የሚመጣው ብዙ ነው።

ጥ፦ ልጄ የአስም ፓፍ ላከችልኝ፣ «አልቡቴሮል» ይላል። የኔ ሳልቡታሞል ነበር። ልጣለው?

መ፦ ኧረ አይጣሉ እማማ፣ ያው ሳልቡታሞል ነው። ቀኑ እንዳላለፈ እንድናይልዎ ሁለቱንም ይዘው ብቅ ይበሉ፤ እስከዚያው አንዱን ብቻ ይጠቀሙ።