«ባይዊክሊ» ስንት ጊዜ ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ቢሮ አለን። አንድ የጽዳት ድርጅት በእንግሊዝኛ ያዘጋጀውን ውል ፈርመናል። ውሉ ጽዳቱ «ባይዊክሊ» ይከናወናል ይላል። እኛ የፈረምነው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ ብለን ነው፤ እነሱ ግን ብቅ የሚሉት በየሁለት ሳምንቱ ነው። ለአንድ ጽዳት የምንከፍለው 1,200 ብር ነው። ትክክለኛው የማን ነው?

መልስ፦ በቃሉ ብቻ ከተሄደ የሁለታችሁም ንባብ ያስኬዳል። የኦክስፎርድም የሜሪያም ዌብስተርም መዝገበ ቃላት «በየሁለት ሳምንቱ» እና «በሳምንት ሁለት ጊዜ» የሚሉትን ሁለት ፍቺዎች አስፍረዋል። አንደኛው የተማረ ሰው፣ ሌላኛው የተሳሳተ ሰው አነጋገር አይደለም። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎችም በዚሁ ቃል ይጣላሉ። ምክንያቱ «ባይ» የሚለው የላቲን ምንጭ ያለው ቅጥያ «ሁለት»ም «ሁለቴ»ም ለማለት የሚያገለግል መሆኑ ነው። «ሳምንት» ላይ ሲቀጠል ሁለት የሆነው ሳምንቱ ይሁን ድርጊቱ አይለይም። በመካከሉ ሰረዝ መኖሩ ወይም አለመኖሩም ትርጉሙን አይለውጠውም። ሰረዝ ካለው እንዲህ ነው፣ ከሌለው እንዲያ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ በዓመት 26 ጽዳት፣ 31,200 ብር ነው። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ 104 ጽዳት፣ 124,800 ብር ነው። አራት እጥፍ ማለት ነው።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት ይዞ መከራከሩን ትታችሁ ወረቀቶቻችሁን ሰብስቡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1734 የውል ቃል አሻሚ ሲሆን የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ እንዲፈለግ ይላል። ያን ሐሳብ የሚያሳየው ደግሞ ሌላው ሰነድ ነው፦ ድርጅቱ መጀመሪያ ያቀረበው ፕሮፎርማ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በቴሌግራም የተጻጻፋችሁት፣ የከፈላችሁባቸው ደረሰኞች። ፕሮፎርማው ላይ የዓመቱ ድምር 31,200 ብር ተብሎ ከነበረ ክርክራችሁ ደካማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስድስት ወይም ሰባት ጽዳት ብቻ ተሠርቶላችሁ ሳትቃወሙ ከፍላችሁ ከሆነም እንዲሁ። በተቃራኒው ድርጅቱ «ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን እንመድባለን» ብሎ የጻፈው መልእክት ካላችሁ አትደምስሱት።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ ድሬዳዋ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ፣ ውሉ ተተርጉሞ መቅረብ አለበት። አማርኛችን ደግሞ ሁለቱን ሐሳብ አንድ ላይ የሚይዝ ቃል የለውም፤ ተርጓሚው የግድ አንዱን ይጽፋል። ክርክሩ ዳኛው ፊት ሳይቀርብ ትርጉም ቤት ውስጥ አንድ ወገን ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ ትርጉሙን አንዱ ወገን ብቻውን አያስተርጉም፤ ተርጓሚውም የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን «ባይዊክሊ» ብሎ እንዳለ እንዲያስቀምጠውና ሁለቱንም ፍቺ በቅንፍ እንዲያመለክት ጠይቁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ዛሬውኑ ተስማምታችሁ አንድ ገጽ ማሻሻያ መፈራረም ነው፦ «ጽዳቱ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይከናወናል።» የቀኑ ስም ከተጻፈ የሚያሻማ ነገር አይቀርም። በእንግሊዝኛው ቅጂ ሰዓቱ ከ7 እስከ 9 ተብሎ መጻፉን ደግሞ አረጋግጡ፤ 1 እና 3 ተብሎ በቀጥታ ከተገለበጠ ሌላ ጠብ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ባለ አንድ የውጭ ድርጅት ተቀጥሬያለሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ የወር ደሞዜ 13,000 ብር ተብሎ ነበር። ውሉ ግን ክፍያው «ባይዊክሊ» ነው ይላል። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ፣ 6,000 ብር ይታሰብልኛል። የወሩን ስደምረው 12,000 ነው። ተበላሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ክፍያው ዓመቱን ሙሉ ሳይዘለል ከመጣ አልተበሉም። በአሜሪካኖች የደሞዝ አሠራር ይህ ቃል ፍቺው አንድ ብቻ ነው፦ በየ14 ቀኑ። ዓመቱ 52 ሳምንት ስለሆነ ክፍያው 26 ጊዜ ነው። 13,000 በ12 ሲባዛ 156,000፤ ለ26 ሲካፈል 6,000። ልክ ነው።

የጎደለ የመሰለዎት ገንዘብ ሦስት ክፍያ ያለባቸው ወራት ላይ ይመጣል። ለምሳሌ ዓርብ መስከረም 2 ቀን 2018 የጀመረ ክፍያ ቀጥሎ የሚውለው መስከረም 16 እና መስከረም 30 ነው፤ በዚያ ወር 18,000 ብር ይገባል። ከዚያ ጥቅምት 14 እና 28፣ ኅዳር 12 እና 26 እያለ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ እየሳበ ሄዶ ሚያዝያ 2፣ 16 እና 30 ላይ እንደገና ሦስት ይሆናል። ነሐሴ 22 ላይ 26ኛው ክፍያ ይፈጸማል። ወርዎን በ13,000 ብር አስልተው የቤት ኪራይ ከተዋዋሉ አሥር ወር ይቸገራሉ፤ የሁለቱን ወራት ትርፍ ክፍያ ለይተው ያስቀምጡት።

መጠራጠር ያለብዎት ሌላ ቦታ ነው። ብዙ የሒሳብ ክፍሎች ቃሉን «በየ15 ቀኑ» ብለው ይተረጉሙታል፤ አማርኛችን ደግሞ እዚህ ላይ ያታልላል። ዓርብ ዕለት «የዛሬ 15 ቀን እንገናኝ» ብንባባል የምንገናኘው ዓርብ ነው፤ ዛሬን አብረን ስለምንቆጥር 14ቱ 15 ይባላል። ፈረንሳዮችም ሁለት ሳምንትን 15 ቀን ነው የሚሉት፤ ለገሃርን ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያ) ወስዳ ለገሃር ብላ የጠራች የባቡር ከተማ ይህ አቆጣጠር አይገርማትም። በንግግር ምንም ጉዳት የለውም። ደሞዝ መክፈያ ሰንጠረዥ ላይ ሲወጣ ግን «በየ15 ቀኑ» የሚለውን አንዱ የወሩ እኩሌታ አድርጎ ይወስደዋል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ ክፍያው በዓመት 24 ጊዜ ይሆናል፣ ጳጉሜንም በውስጡ ትዋጣለች። ያ አሠራር በራሱ ነውር የለበትም፤ ግን እያንዳንዱ ክፍያ 6,500 ብር መሆን አለበት። ድርጅቱ ለ26 አካፍሎ 6,000 እያሰበ 24 ጊዜ ብቻ ከከፈለ ዓመቱ 144,000 ብር ይሆናል፤ 12,000 ብር ቀረብዎት ማለት ነው። ሆን ተብሎ ሳይሆን ውሉን አንድ ሰው፣ ሰንጠረዡን ሌላ ሰው ስለሚያዘጋጀው የሚደርስ ነገር ነው። የባንክ መግለጫዎን አውጥተው በሁለት ክፍያዎች መካከል ያለውን ቀን ይቁጠሩ። ሁልጊዜ 14 ከሆነና ዓርብ ላይ ካረፈ ደህና ነው። በየወሩ 15 እና 30 ላይ የሚውል ከሆነ መጠኑን ይጠይቁ።

ግብሩንም ይዩ። በአገራችን የደሞዝ ግብር የሚሰላው በወር ገቢ ላይ ነው፤ ገቢው ከፍ ሲል የላይኛው ደረጃ መጣኔም ይጨምራል። ሒሳብ ሠራተኛው በወሩ ውስጥ የተከፈለውን በሙሉ ደምሮ የሚያሰላ ከሆነ ሦስት ክፍያ ያለበት ወር ግብር ከሌላው ጊዜ ዘለል ብሎ ይታያል። ከየትኛው ወር ሥራ ጋር እንደሚታሰብ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ውሉ ሲታደስ «ባይዊክሊ» የሚለው ቃል ቢቀር ይሻላል። በምትኩ የዓመቱ ድምር፣ የክፍያው ብዛትና የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ከነዕለቱ ይጻፍ። ክፍያው በዓል ላይ ሲውል ምን እንደሚደረግም ይጨመር፤ ከላይ ባሰላነው ምሳሌ 27ኛው ክፍያ የሚውለው ዓርብ መስከረም 1 ቀን 2019 ነው፣ እንቁጣጣሽ ላይ። «ከበዓሉ በፊት ባለው የሥራ ቀን ይከፈላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሐረር የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ባይአንዋል» እና «ባይኤኒያል» ይምታቱባቸዋል። «ባይመንዝሊ»ስ? ፈተና ላይ እንዴት ላርም?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይለያያሉ። «ባይአንዋል» በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። «ባይኤኒያል» በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዓመት የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። የቬኒስ ቢየናሌ የሚባለውን የሥዕል ትርኢት ቢያስታውሷቸው ይይዙታል፤ በጣልያንኛም ቃሉ ያው ነው። «ባይመንዝሊ» ግን እንደ «ባይዊክሊ» ሁለት ፊት አለው፤ በዓመት 6 ወይም 24።

ለ«ሁለቴ» አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ቅጥያ «ሰሚ» ነው፣ ግማሽ ማለት ስለሆነ፦ «ሰሚመንዝሊ» በወር ሁለቴ፣ «ሰሚአንዋል» በዓመት ሁለቴ። ለሁለት ሳምንት ደግሞ «ፎርትናይትሊ» አለ። ከ«አሥራ አራት ሌሊት» የመጣ ነው፤ እንግሊዞች፣ ሕንዶችና አውስትራሊያኖች ይጠቀሙበታል፣ አሜሪካኖች ግን እምብዛም። ተማሪ «ፎርትናይትሊ» ብሎ ከጻፈ ሙሉ ነጥብ ይስጡት፤ እንዲያውም የተሻለውን ቃል መርጧል።

«ባይዊክሊ»ን በምርጫ ጥያቄ አይጠይቁ። ሁለቱም ፍቺ ከአማራጮቹ ውስጥ ካለ መልሱ ሁለት ነው፤ አንዱን መርጦ የተሳሳተ ማለት ልጁን መበደል ነው። በምትኩ ዐውድ ይስጡ፤ «ጋዜጣው ባይዊክሊ ነው፤ ያለፈው እትም መስከረም 2 ወጣ፣ ቀጣዩ መስከረም 16 ይወጣል» ብለው ትርጉሙን ያስጽፏቸው።

ጥያቄ፦ የውጭ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ማመልከቻ የሚዘጋው «ማርች 15፣ 12፡00 ኤኤም» ነው ይላል። ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለኝ ወይስ የለኝም? ከሳቢያን።

መልስ፦ የለዎትም ብለው ይነሡ። በተለመደው አጻጻፍ 12፡00 ኤኤም እኩለ ሌሊት ነው፤ 12፡00 ፒኤም ደግሞ ቀትር። ማርች 15 የሚጀምረው በዚያች ደቂቃ ስለሆነ በሩ የሚዘጋው ቀኑ ሲገባ ነው። የጻፈው ሰው ግን የማርች 15 ማብቂያን አስቦ ሊሆን ይችላል፤ «ሚድናይት» ሲባልም የቀኑ መጀመሪያ ይሁን መጨረሻ ሰዎች አይስማሙም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በዚህ ምክንያት በውልና በማስታወቂያ ላይ 11፡59 ፒኤም ወይም 12፡01 ኤኤም ተብሎ እንዲጻፍ ይመክራል።

በእኛ አቆጣጠር ለመጋቢት 6 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። «አጥቢያ» የሚለው ቃላችን ሌሊቱ የማን እንደሆነ ስለሚለይ ማስታወሻዎ ላይ እንዲሁ ይጻፉት። የጊዜ ቀጠናውንም ይመልከቱ፤ በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ 3 ሰዓት ይጨመርልዎታል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ጭማሪ ግን አይመኩ። መጨረሻ ሰዓት ላይ ድረ ገጹ ይጨናነቃል፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል፤ ፋይሎቹን መጋቢት 5 ከቀትር በፊት ጭነው የማረጋገጫው ኢሜይል መድረሱን ይዩ።