«አንዴ ይዞኝ ድኛለሁ፤ ለምን እከተባለሁ?» የእድራችን ጥያቄና መልስ

ባለፈው የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የመዋጮው ጉዳይ ከተዘጋ በኋላ ሁለት አባሎቻችን ስለ ኮሮና ክትባት ተነሥተው ተሟገቱ። አንደኛው «በእኛ ላይ የተሞከረ ነገር ነው» ሲሉ፣ ሌላዋ «እርስዎን እዚህ ያስቀመጠዎት እሱ ነው» አሏቸው። ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ። ሊቀመንበራችን ነገሩን ለማብረድ ወደ እኔ ጠቆሙ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ 26 ዓመት ቆሜያለሁና «እስኪ እሷን ጠይቋት» አሉ። ጥያቄው በወረቀት እየተጻፈ በመዋጮው ሣጥን ውስጥ ገባ። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ አባሎቻችን በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ያልመጡትም እንዲያነቡት መልሶቼን ጥቂት አስፍቼ ጽፌያቸዋለሁ። ፋርማሲስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።

ጥያቄ፦ በ2013 ዓ.ም. ኮሮና ይዞኝ ድኛለሁ። ሰውነቴ የራሱን መከላከያ ከሠራ ክትባት ምን ይጨምርልኛል? ባለሙያዎቹስ ይህን ስንጠይቃቸው ለምን ይቆጣሉ?

መልስ፦ የተቆጡት ተሳስተዋል። በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እውነተኛ መከላከያ ያገኛል። በየካቲት 2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ከ19 አገሮች የተሰበሰቡ 65 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አውጥቶ ነበር። አንዴ የተያዘ ሰው ከአሥር ወር በኋላም ለጽኑ ሕመም እንዳይዳረግ ያለው ጥበቃ ከ88 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ዙር ክትባት አያንስም። ኦሚክሮን በተባለው የቫይረሱ ዝርያ ዳግም ላለመያዝ ያለው ጥበቃ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ወደ 36 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ «ተፈጥሮ አይከላከልም» ያለውም፣ «አንዴ ከያዘኝ አበቃ» ያለውም ተሳስቷል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ዋጋው ነው። በሕመም የሚገኝ መከላከያ የሚሰጠው ለታመመ ሰው ነው፤ ያውም ለተረፈ። እርስዎ ከፍለው ወጥተዋል፤ እሰየው። መጋቢትና ሚያዝያ 2013 የእድራችን ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሳያድር ሌላው ደጅ ይተከል ነበር። ገንዘብ ያዣችን የመዝገቡን ገጽ ለመግለጥ ጣታቸውን በምላሳቸው ማራስ ፈርተው በእስክሪብቶ ጫፍ ይገልጡት እንደነበር አልረሳም። በዚያ ገጽ ላይ የሰፈሩት ሰዎች ዛሬ ወረቀት ጽፈው አይጠይቁኝም።

ታሞ የዳነና ኋላም የተከተበ ሰው ከሁሉም የጠና መከላከያ አለው። ለእርስዎ የሚጨምረው ግን እንደ ዕድሜዎ ነው። የ25 ዓመት ጤነኛ ከሆኑ ጥቂት ነው፤ 65 ካለፉ ግን ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ በሽታው እኛን መቼ ነካንና? የፈረንጅ በሽታ ነበር።

መልስ፦ ነክቶናል፤ አላየነውም እንጂ። በአገራችን በይፋ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 ጥቂት ይበልጣል፤ ምርመራ የደረሰው ግን ለጥቂቱ ሰው ነው። እዚሁ አዲስ አበባ፣ በጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ፣ በነሐሴ 2012 አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ የሚሠራው መከላከያ) የተገኘባቸው 11 በመቶ ገደማ ነበሩ። በየካቲት 2013 ቁጥሩ ወደ 54 በመቶ ወጣ። ክትባት በአገራችን የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተነገረ ልክ በዓመቱ። እንግዲህ ያ ሁሉ አንቲቦዲ በሕመም የመጣ ነው። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት ባይሆን ኖሮ እድሩ ድንኳን መከራየት ነበረበት።

ጥያቄ፦ ወጣቱ ይዞት ይዳን፣ ሽማግሌው ተለይቶ ይጠበቅ ያሉ ትልልቅ ፕሮፌሰሮች ነበሩ። አፋቸውን አስያዟቸው። ትክክል ነበሩ አይደል?

መልስ፦ በመስከረም 2013 ከሃርቫርድ፣ ከኦክስፎርድና ከስታንፎርድ የተውጣጡ ሦስት ተመራማሪዎች ያወጡት የግሬት ባሪንግተን መግለጫ ነው። በአሥር ቀኑ ሌሎች ሳይንቲስቶች የጆን ስኖው ማስታወሻ በተባለው ጽሑፍ መለሱላቸው። ክርክሩ ወዲያው ወደ ስድብ ወረደ፤ ያ አሳፋሪ ነበር። አፋቸውን ተይዘው ግን አልቀሩም፤ ከሦስቱ አንዱ ጄይ ባታቻሪያ በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኃላፊ ሆነዋል።

ትምህርት ቤት መዝጋት ሕፃናትን ይጎዳል ያሉት እውነት ነበር። የእኛዎቹ በመጋቢት 2012 ተዘግተው እስከ ጥቅምት 2013 ቆዩ፤ ፊደል ቆጥራ የነበረች የጎረቤቴ ልጅ ስትመለስ ከ«ሀ» ጀመረች። ሽማግሌውን ለይቶ መጠበቅ የሚለው ግን ለየትኛው ቤት የተጻፈ ነው? አያት አልጋው ላይ፣ ልጆች ከአልጋው ሥር ፍራሽ ላይ፣ ምድጃው በሩ አጠገብ፤ ብዙዎቻችን ያደግነው እንዲህ ባለ አንድ ክፍል ነው። ማንን ከማን ትለያለህ? ማናውስ የተባለችው የብራዚል ከተማ በ2013 መጀመሪያ ከነዋሪዋ ሦስት አራተኛው ሳይያዝ አልቀረም ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛው ማዕበል መጥቶ በሆስፒታሎቿ ኦክስጅን አለቀ።

ጥያቄ፦ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና አይቨርሜክቲን ይሠሩ ነበር፤ ርካሽ ስለሆኑ ደበቋቸው ይባላል። አንቺ መድኃኒት ሻጭ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪን።

መልስ፦ ጋሼ፣ ርካሽ መድኃኒት ቢደበቅ ኖሮ መጀመሪያ የሚደበቀው ዴክሳሜታዞን ነበር። በሰኔ 2012 ሁለት ዜናዎች በተከታታይ ቀን መጡ። ሰኔ 8 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሃይድሮክሲክሎሮኪን የሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ አነሣ። ሰኔ 9 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕሙማንን ሞት በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ የሚያገኙትን ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደቀነሰ ተናገሩ። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ የማንም የብቻ ንብረት ያልሆነ፣ ዋጋው የወረደ መድኃኒት ነው። በአንድ ቀን ዓለም ሁሉ አወቀው።

በማግስቱ መስኮቴ ላይ የሆነውን ልንገርዎት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰልፍ ነበር። አንድ ጎልማሳ ከሲጋራ ፓኮ ላይ በተቀደደ ካርቶን «ዴክሳ» ብሎ በእርሳስ ጽፎ አቀበለኝ። የሐኪም ማዘዣ የለውም፤ ትኩሳትም ሳልም የለውም፤ «ለመጠባበቂያ ነው» አለኝ። መድኃኒቱ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው እንዳልጠቀመ፣ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል ያው ጥናት ይናገራል። አስረዳሁት። ካርቶኑን ከእጄ ነጥቆ ሄደ፤ ከመንገዱ ማዶ ሌላ መድኃኒት ቤት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሉፐስ (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም) እና የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች መድኃኒት ነው። በዚያ ሽሚያ ሰሞን አንዲት የሉፐስ ደንበኛዬ ሦስት ሳምንት እየተመላለሰች ባዶ እጇን ተመልሳለች። ስለዚህ መድኃኒት ሲነሣ መጀመሪያ የምትታየኝ እሷ ናት።

አይቨርሜክቲን ግሩም መድኃኒት ነው፤ ፈልሳፊዎቹ በአውሮፓውያኑ 2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። በአገራችንም በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚመጣውንና ዓይን የሚያሳውረውን በሽታ ለመከላከል በነፃ ይታደላል። ኮሮናን የገደለው ግን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ፣ ሰው ሊውጠው ከሚችለው እጅግ በሚበልጥ መጠን ነው። ተስፋውን ያገነነው ከግብፅ የወጣ ጥናት በሐምሌ 2013 ከወጣበት ቦታ እንዲነሣ ተደረገ። በብራዚል 1,358 ሕሙማን ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራም ሆስፒታል ከመግባት እንዳላዳነ አሳየ። አንጀቴን የሚበላኝ ሌላ ነው፤ አዚትሮማይሲን። ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ለቫይረስ ስንት ቤት ተዋጠ! ዛሬ ባክቴሪያው ሲለምደው ዕዳውን የምንከፍለው እኛው ነን።

ጥያቄ፦ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎትስ?

መልስ፦ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ቫይረሱን አይገድሉም። እኔም እጠጣለሁ። እንፋሎቱን ግን ለሕፃን አታድርጉ፤ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ልጅ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ተከትቤ ያዘኝ። አልዋሻችሁንም?

መልስ፦ ይህን የጻፉትን ሰው በእጅ ጽሑፋቸው ዐውቄያቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንዳወቅኋቸው ያውቃሉ። በ2013 እኔው ራሴ «ይከተቡና የልጅ ልጆችዎን ያለ ሐሳብ ይሳሙ» ብያቸው ነበር። ያን ማለት አልነበረብኝም። የፋይዘር ክትባት ሙከራ ወደ 43,000 ሰው አሳትፎ፣ ከታመሙት 170 ሰዎች 162ቱ ክትባቱን ያላገኙ፣ 8ቱ ያገኙ ነበሩ፤ 95 በመቶ የተባለው ከዚህ ወጣ። ሙከራው የለካው መታመምን ነው። ማስተላለፍን አልለካም። እኛ ግን «አይዝም፣ አያስተላልፍም» ብለን አወራነው። በዚያው በ2013 ክረምት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በአንድ የመዝናኛ ከተማ ከተያዙት 469 የግዛቲቱ ነዋሪዎች ሦስት አራተኛው ገደማ የተከተቡ ሆነው ተገኙ። ክትባቱ ከሞትና ከጽኑ ሕመም መጠበቁን አላቋረጠም፤ ከመያዝ መጠበቁ ግን በወራት ይሳሳል። መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለን ብንናገር ኖሮ ዛሬ በድንኳን አንጣላም ነበር።

ጥያቄ፦ አስትራዜኔካ ደም ያረጋል ተባለ፤ ኋላም ከገበያ ወጣ። እኔ የወሰድኩት እሱን ነው። ልፍራ?

መልስ፦ አይፍሩ። ደም መርጋቱ እውነት ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መጋቢት 29 ቀን 2013 በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ጉዳት ብሎ መዝግቦታል፤ ከመቶ ሺህ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሰው ግምት። የሚመጣው ግን በተከተቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ የእርስዎ ጊዜ ድሮ አልፏል። ኩባንያው በ2016 ፈቃዱን ሲመልስ አዳዲስ ክትባቶች በዝተው ፈላጊ በመጥፋቱ ነው ብሏል። የኤምአርኤንኤ ክትባቶችም (እንደ ፋይዘር ያሉት) በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ ብግነት አምጥተዋል። እነዚህን ነገሮች «ወሬ ነው» እያሉ ያፈኑ ሰዎች ለክትባቱ የዋሉለት ውለታ የለም።

ጥያቄ፦ (በደቃቅ ጽሑፍ፣ ወረቀቱ አራት ጊዜ የታጠፈ) ማኅፀን ያደርቃል ይባላል። የወር አበባዬ ተዛብቶ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ አያደርቅም። የተከተቡ ሴቶች ፀንሰው ወልደዋል። የወር አበባሽን በተመለከተ ግን አልተሳሳትሽም። ብዙ ሴቶች ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ፤ መጀመሪያ አልተሰሙም፤ ኋላ ሲጠና ዑደቱ በአማካይ ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ እንደሚዘገይና እንደሚስተካከል ታየ። ያንቺ ከወራት በላይ ከቆየ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና የሴቶች ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 666 አለበት ይሉናል። እኔ ጸበሌ ይበቃኛል።

መልስ፦ እማማ፣ ብልቃጡን ስንት ጊዜ ከፍቼ አይቻለሁ፤ ቁጥርም ምልክትም የለውም። ጸበልዎን ይጠጡ። አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በ1999 ዓ.ም. በይፋ ተናግረው ነበር። የደም ግፊት ኪኒንዎን በጸበል እንደሚውጡ እኔ አላውቅም እንዴ?

ጥያቄ፦ አባቶቻችን ያለ ክትባት አልኖሩም?

መልስ፦ ቃሉን ራሱን ይዩት። «ክትባት» እና «ክታብ» ሁለቱም «ከተበ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው፤ አንዱ ቆዳ ላይ ይከተባል፣ አንዱ ብራና ላይ። ዘመናዊው መርፌ ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችን ከፈንጣጣ ሕመምተኛ መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጭረው ይከትቡ ነበር። ከሚከተበውም የሚሞት አይጠፋም ነበር፤ በፈንጣጣው ከሚሞተው ግን በጣም ያንሳል። ዋጋውን መዝነው ነው ያደረጉት። በመጨረሻ ፈንጣጣን ያጠፋው ዘመናዊው ክትባት ነው፤ በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የታየው በነሐሴ 1968 ነው።

ክትባት ሳይኖር የሆነውን ደግሞ ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ እናስታውሰዋለን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ወደ 10,000 ሰው እንደፈጀ ይነገራል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ የምናቃጥለው ለዚያ መታሰቢያ ነው። (ፕላስቲኩን ግን አብራችሁ አታቃጥሉ፤ በማግስቱ የአስም መድኃኒት ፍለጋ የምትመጡት ወደ እኔ ነው።)

ጥያቄ፦ 68 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ካለ ቆይቷል። አሁንስ ልከተብ?

መልስ፦ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ያበቃው አስቸኳይ ሁኔታው ነው እንጂ ቫይረሱ አይደለም። በእርስዎ ዕድሜና ሕመም ክትባት ካገኙ ይውሰዱ፤ መኖሩን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን ስኳርዎን እንቆጣጠር። ለሁለት ወር መድኃኒት ሳይወስዱ እንደቆዩ መዝገቤ ይነግረኛል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ ነኝ፤ የመለኪያውን ደብተር ይዘው ይምጡ።