ቱፎርዲ ያልነካው ሳር

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አባቴ ቦርከና ዳር ያለችን አንድ ጥማድ ረግረግ መሬት ላይ ዘንድሮ ከፎገራ በመጣ ዘር ሩዝ ዘራ። አረሙ ሲያስቸግረን ቱፎርዲ (2,4-D) የሚባለውን የአረም መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ። ሻጩ «ሁሉንም ድራሹን ያጠፋዋል» ብሎኝ ነበር። ቅጠለ ሰፊው ደረቀ፤ ሳሩ ግን ጭራሽ ባሰበት። መጠኑን እጥፍ አድርጌ ልድገመው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትደግመው! ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊ አረም ይገድላል፤ ለጋ እንግጫንም ይጎዳል። ሳር ላይ ግን አይሠራም። ሩዝ ራሱ የሳር ወገን ነው፤ የተረፈልህም ለዚህ ነው። ሳሩ የባሰበት ደግሞ ሌላው አረም ሲሞት ብርሃኑንና ማዳበሪያውን ብቻውን ስላገኘ ነው። መጠኑን ብታበዛ የምትጎዳው ሩዙን ነው። በተለይ ዘለላ ሊያወጣ ሆዱ ከተነፋ በኋላ ከተረጨ ፍሬ አልባ ሊሆን ይችላል። «ሁሉንም ያጠፋል» ብሎ መሸጥ በጣም ያናድደኛል። የገበሬ የዓመት ቀለብ እኮ ነው!

ለስንዴ የሚሸጠውን የሳር መድኃኒትም አትሞክር። ለስንዴ ተፈቀደ ማለት ለሩዝ ተፈቀደ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ለዘንድሮ ያለው በእጅ መንቀል ነው። እኔም ሐይቅ አካባቢ ጤፍ እያረምኩ ስላደግሁ ድካሙን አውቀዋለሁ። አባትህን አሳርፋቸውና ጎረቤት ለምነህ በደቦ ጨርሱት። ችግሩ ሳሩ ከሩዙ ጋር መመሳሰሉ ነው። ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን ቦታ ገለጥ አድርገህ እይ። ሩዝ እዚያ ጋ ነጣ ያለች ስስ ሽፋን አለችው፤ በግራና በቀኝም ፀጉር ያላቸው ትንንሽ ጆሮዎች አሉት። ዋናው ሩዝ መሳይ ሳር ግን ሁለቱም የሉትም፤ ቦታው ልሙጥ ነው። እንግጫ ከሆነ ደግሞ አገዳውን በጣቶችህ አሽከርክረው፤ ሦስት ማዕዘን መሆኑ ይታወቅሃል። ሳሩ ፍሬ ሳያራግፍ ድረስበት። አንዴ ከረገፈ ለዓመታት እየበቀለ ያስቸግርሃል።

ለከርሞ ሥራው ከመዝራት በፊት ይጀምር። መጀመሪያ አረሙ ይብቀል፤ ከዚያ አርሰህ ገልብጠው። መሬቱን በደንብ ደልድለህ በመስመር ዝራ። ሩዙ ጠንከር ሲል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቋጥርበት። ብዙው የሳር ዘር ውኃ ስር ሆኖ መብቀል አይሆንለትም። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ግን ሳሩ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይበቅላል።

ቱፎርዲ ካስፈለገህም ሩዙ ማቆጥቆጥ ከጀመረ በኋላ፣ ሆዱ ሳይነፋ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት እርጨው። መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብብ። ነፋስ ወደ ጎረቤት ሽምብራ ወይም ቲማቲም ከወሰደው ቅጠሉን ያጨማድደዋል። መርጫውንም ቦርከና ውስጥ እንዳታጥበው፤ ከታች ከብት ይጠጣል። በደንብ ሳይታጠብ በርበሬ ላይ ሌላ መድኃኒት ከረጨህበት ደግሞ በርበሬውን የሚያበላሸው እዚያው የቀረው ቱፎርዲ ነው።